«ቦሩን ተኩስበት»፦ 15 ዓመት በፍርድ ቤት የኖረ የትግል ዘፈን

(ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የእኛው አዋጅ ቁጥር ላይ ያለው ዓመት ብቻ የኢትዮጵያ ነው።)

እኛ ዘንድ ሰርግ ላይ አንድ ጎልማሳ ዱላውን ይዞ ብድግ ይልና እየተንጎራደደ ስንቱን እንደ ጣለ፣ ገና ስንቱን እንደሚጥል ይፎክራል። እናቶች እልል ይላሉ፣ ልጆች ይስቃሉ፣ ፖሊስ የሚጠራ የለም። ያው ቀረርቶ የድንበር ጠብ ባለበት ቀበሌ፣ ከገበያ በሚመለስ ባላጋራ ፊት ቢወርድ ግን ሰምቶ የሚያልፍ አይኖርም። ቃሉ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ቦታው፣ ሰዓቱና ሰሚው ነው።

ደቡብ አፍሪካ ከ2010 እስከ 2025 በፍርድ ቤት የተሟገተችው በዚህ ነገር ላይ ነው። ክርክሩ የተነሣው «ዱቡል ኢቡኑ» በሚባለው የፀረ አፓርታይድ ትግል ዘፈን ነው። በዙሉና በቆሳ «ዱቡላ» ማለት ተኩስ ነው፤ «ኢቡኑ» ደግሞ ቦር። ቦር የሚለው ቃል በአፍሪካንስ ገበሬ ማለት ሲሆን፣ ከደች ሰፋሪዎች የሚወለዱትን አፍሪካነሮችም ይጠሩበታል። በትግሉ ዘመን በጥቁሮች ሰፈር ሲነገር ግን ፖሊሱንና ወታደሩን፣ በአጠቃላይ የአፓርታይድን መንግሥት የሚያመለክት ስም ሆነ። ሙግቱ ሁሉ የተሰነቀረው እዚህ ላይ ነው። ዘፋኙ «ሥርዓቱን ማለቴ ነው» ይላል፤ ስሙ የሚጠራው ሰው ደግሞ «እኔ እኮ ገበሬ ነኝ፣ ቦርም ነኝ» ይላል። ሁለቱም አልዋሹም።

ነገሩ ከዘፈኑ ክርክር በፊትም ነበር። በ1993 የነፃነት ታጋዩ ክሪስ ሃኒ በቀኝ አክራሪ ነጭ ጥይት ሲገደል፣ የአፍሪካ ብሔራዊ ኮንግረስ ፓርቲ (ኤኤንሲ) የወጣቶች ሊግ መሪ የነበሩት ፒተር ሞካባ «ቦሩን ግደል፣ ገበሬውን ግደል» የሚለውን መፈክር በሐዘንተኛው ሕዝብ ፊት አሰሙ። አገሪቱ በዚያ ሳምንት ወደ እርስ በርስ ጦርነት ልትገባ ጥቂት ነበር የቀራት። ሞካባ በ2002 ሲሞቱ መፈክሩ በቀብራቸው ላይ ተስተጋባ፤ በቀጣዩ ዓመት የአገሪቱ የሰብአዊ መብት ኮሚሽን መፈክሩ የጥላቻ ንግግር ነው አለ። ያኔ ብዙ ጋዜጣ አላጣበበም።

ያጣበበው የ2010ሩ ነው። የወጣቶች ሊጉን ወንበር የወረሱት ጁሊየስ ማሌማ፣ ገና በ29 ዓመታቸው፣ በመጋቢት ወር በጆሃንስበርግ ዩኒቨርሲቲና በሌሎች መድረኮች «ዱቡል ኢቡኑ»ን ማዜም ጀመሩ። አፍሪፎረም የተባለው የአፍሪካነሮች መብት ተሟጋች ድርጅት ወደ ፍርድ ቤት ሄደ። ኤፕሪል 1 ጊዜያዊ ዕግድ ተሰጠ። በሁለተኛው ቀን፣ ኤፕሪል 3፣ የነጭ አክራሪው ድርጅት የኤደብሊውቢ መሪ ዩጂን ቴርብላንሽ በእርሻቸው ላይ ተደብድበው ተገደሉ።

የዚያን ሰሞን ድንጋጤ መገመት አያዳግትም። «ዘፈኑ ገደለው» የሚለው ወሬ ከሬሳው ቀድሞ አገር አዳረሰ። ከሁለት ዓመት በኋላ ፍርድ ቤቱ የደረሰበት መደምደሚያ ግን ሌላ ነበር፤ ገዳዩ የእርሻው ሠራተኛ ነበር፣ ጠቡ የደመወዝ ነበር፣ ፖለቲካዊ ምክንያት ለመኖሩ ማስረጃ አልቀረበም። የጥላቻ ንግግር ክርክር ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው የሚጀምረው። ሁለት ነገሮች ተከታትለው ሲደርሱ ሰው የመጀመሪያውን የሁለተኛው አባት ያደርገዋል። አንዳንዴ እውነት ነው፤ ለዚያ ግን ማስረጃ ያስፈልጋል፣ ማስረጃ ደግሞ ሁለት ዓመት ይፈጃል፣ ወሬው ግን በሁለት ሰዓት ሥራውን ይጨርሳል።

በ2011 ጆሃንስበርግ ላይ የተሰየመው ችሎት ከፍርድ ይልቅ የታሪክ ትምህርት ይመስል ነበር። ለማሌማ ሊመሰክሩ ከቀረቡት መካከል የኤኤንሲ ዋና ጸሐፊ ግዌዴ ማንታሼና ባለቅኔው ሞንጋኔ ዋሊ ሴሮቴ ይገኙበታል። ነጭ ሆነው ለኤኤንሲ የታገሉት ዴሬክ ሃነኮምም መጡ። የሁሉም ቃል ወደ አንድ ይጠቃለላል፦ ዘፈኑ ቅርሳችን ነው፣ ቦር ስንል ሥርዓቱን ነው፣ ዘፈናችንን ከነጠቃችሁን ትግላችንን ሰረዛችሁት።

ዳኛ ኮሊን ላሞንት በሴፕቴምበር 12 ቀን 2011 ብይን ሲሰጡ ግን ያተኮሩት ዘፋኙ ምን ሊል ፈለገ በሚለው ላይ አልነበረም፤ ተዘፈነበት የተባለው ሰው ምን ይሰማል የሚለውን ያዙ። ዘፈን በአዳራሽ ታፍኖ አይቀርም፣ ቴሌቪዥንና ስልክ ባለበት ዘመን ሰሚው አገሩ ሁሉ ነው አሉ። አዲሲቷ ደቡብ አፍሪካ የቆመችው ጠላት የነበረው ወዳጅና ወንድም በሆነበት ስምምነት ላይ ነው፤ ስለዚህ ትናንት በጦር ሜዳ የተባለ ቃል ዛሬ በወንድም ላይ አይባልም የሚል ነበር የፍርዳቸው መንፈስ። ኡቡንቱን ጠቀሱ፤ ሰው በሰው ሰው ይሆናል የሚለውን የአገሩን ፍልስፍና። ዘፈኑ የጥላቻ ንግግር ነው ብለውም ማሌማም ኤኤንሲም እንዳይዘፍኑት አገዱ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይባል። ላሞንት ማንንም አላሰሩም። እሳቸው የተሰየሙበት የእኩልነት ፍርድ ቤት በ2000 በወጣው የእኩልነት ሕግ የተቋቋመ የፍትሐ ብሔር ችሎት ነው፤ መሣሪያው ዕግድ፣ ይቅርታና ካሳ እንጂ እስር ቤት አይደለም። እኛ አገር በ2020 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የጥላቻ ንግግርን በወንጀል ነው የሚቀጣው፤ እስከ ሁለት ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር መቀጮ፣ በንግግሩ ምክንያት ጥቃት ከደረሰ ደግሞ እስከ አምስት ዓመት። ሁለቱ ሕጎች ስለ አንድ ነገር የሚያወሩ ቢመስሉም አንዱ የሚጠይቀው «እንዴት እናስታርቅ፣ እንዴት እናስቁም» ነው፣ ሌላው «ማንን እንቅጣ»። ወደ ወህኒ የሚወስድ ሕግ ትርጉሙ ከሰፋ ለሥልጣን የተመቸ ዱላ ይሆናል፤ ወደ ይቅርታ የሚወስድ ሕግ ትርጉሙ ትንሽ ቢሰፋ ጉዳቱ ያነሰ ነው። ደቡብ አፍሪካውያን ይህን ሁሉ ዓመት ተረጋግተው ሊከራከሩ የቻሉበት አንዱ ምክንያት፣ በእኔ ግምት፣ ተሸናፊው ማታ ቤቱ የሚያድር መሆኑ ነው።

ይግባኙ ሊሰማ ሲል፣ በ2012 መገባደጃ፣ ተከራካሪዎቹ ተሸማገሉ። በስምምነቱ አንዳንድ የትግል ዘፈኖች ውስጥ ያሉ አንዳንድ ቃላት አናሳ ቁጥር ያላቸውን ማኅበረሰቦች ሊያሳምሙ እንደሚችሉ ታመነ፤ ኤኤንሲና ማሌማም መሪዎቻቸውንና ደጋፊዎቻቸውን መክረው በእርጋታ እንዲይዙት ሊያደርጉ ቃል ገቡ። ከዚህ ሁሉ ዓመት ክምር ሰነድ ውስጥ ለአብሮ መኖር ከሁሉ የሚበጀው ይህ ወረቀት ይመስለኛል። ዘፈኑ ወንጀል ነው አላለም፤ ቅርስ መሆኑን አልካደም። ያለው «ያማል፣ ስለዚህ እንጠንቀቅ» ብቻ ነው። ጎረቤት ከጎረቤት የሚዋዋለው እንዲህ ነው።

ግን አልሠራም። ማሌማ በዚያው ዓመት ቀደም ብሎ ከኤኤንሲ ተባርረው ነበር፤ በ2013 ኢኤፍኤፍ የተባለውን የራሳቸውን ፓርቲ መሠረቱ፣ የተቃዋሚ መሪ ደግሞ የሚኖረው ገዥው ፓርቲ ያፈረበትን ዘፈን በማንሳት ነው። አፍሪፎረምም ቢሆን ከሽምግልናው ይልቅ ሙግቱ ደጋፊ ያበዛለት ነበር። ስምምነቱን ገበሬው ዘንድ ወስዶ «ይኸው እንዲህ ተባብለናል» ያለው፣ የወጣት ሊጉ ስብሰባ ላይ ያነበበው ሰው ማን እንደሆነ አላውቅም። ሽማግሌ አስታርቆ ከሄደ በኋላ ቡናውን አብሮ የሚጠጣ ካልተገኘ እርቁ የወረቀት ነው።

በመካከሉ ሕጉ ራሱ ተለወጠ፤ የጉዳዩ አንኳርም ይህ ነው። የእኩልነት ሕጉ አንቀጽ 10 «የሚያሳዝን»፣ «የሚጎዳ» ወይም «ጥላቻን የሚያስፋፋ» ሐሳብ በግልጽ የታየበትን ንግግር ሁሉ ይከለክል ነበር። ሦስቱን የሚያያይዘው ቃል «ወይም» ስለሆነ አንዱ ብቻ ይበቃል። ሕገ መንግሥቱ ግን ጠበብ ያለ ነው፤ አንቀጽ 16 ከጥበቃ ውጪ የሚያደርገው የጦርነት ፕሮፓጋንዳን፣ ሊፈጸም ለተቃረበ አመፅ ማነሳሳትን፣ እንዲሁም በዘር፣ በብሔር፣ በፆታ ወይም በሃይማኖት ላይ ተመሥርቶ ጉዳት እንዲደርስ የሚያነሳሳ የጥላቻ ስብከትን ነው። በጁላይ 2021 የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ከአንድ ጋዜጠኛ ጽሑፍ በተነሣ ሌላ መዝገብ ላይ ይህን ልዩነት አስታረቀ። «የሚያሳዝን» የሚለው ቃል ከአንቀጹ ወጣ፤ «ወይም» በ«እና» ተተካ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ንግግር የጥላቻ ንግግር የሚሆነው ጉዳት የማድረስ ወይም ጉዳት እንዲደርስ የማነሳሳት፣ ከዚያም ላይ ጥላቻን የማስፋፋት ሐሳብ ሲኖረው ነው። ስሜት ተጎዳ ማለት ብቻውን አይበቃም። አንድ መስተጻምር ይህን ያህል ሲያንቀጠቅጥ የሚታየው ሕግ ላይ ብቻ ነው። ላሞንት የቆሙበት መሬት ከሥራቸው ተነሣ ማለት ነው።

ሁለተኛው ክስ የተነሣው ከሴኔካል ነው። በኦክቶበር 2020 በፍሪ ስቴት ግዛት አንድ ወጣት የእርሻ ሥራ አስኪያጅ በግፍ ተገደለ። ተጠርጣሪዎቹ በሴኔካል ከተማ ፍርድ ቤት በቀረቡ ዕለት የተቆጡ ነጭ ገበሬዎች ችሎቱን ሰብረው ሊገቡ ሞከሩ፣ የፖሊስ መኪናም ገለበጡ። በቀጣዩ ቀጠሮ፣ ኦክቶበር 16፣ ኢኤፍኤፍ ቀይ ለባሾቹን አሰልፎ መጣ። ሁለቱ ወገኖች በአንድ ትንሽ ከተማ፣ በመካከላቸው ፖሊስ ቆሞ፣ ተፋጠጡ፤ ዘፈኑ ያን ቀን ተዘፈነ።

እኔ ብሆን ክሱን የምገነባው በዚህ ቀን ላይ ነበር። ሬሳው ገና ትኩስ ነው፣ የሟች ወገን እዚያው ቆሟል፣ ዘፈኑም የሚናገረው ስለ ገበሬ ነው። የድንበር ጠብ ባለበት ቀበሌ የወረደ ቀረርቶ ከዚህ በላይ ምን ሊሆን ነው? አፍሪፎረም ግን ሙግቱን ሰፋ አድርጎ፣ ዘፈኑ የእርሻ ግድያዎችን ያባብሳል በሚለው ላይ አቆመው። ይህን ማስረዳት ደግሞ ከባድ ነው። በደቡብ አፍሪካ በ2022 ግድም በዓመት ከ25,000 በላይ ሰው ይገደል ነበር፤ በእርሻ ላይ የሚገደሉት በሃምሳዎቹ ግድም ነበሩ፣ ከነሱም ውስጥ ጥቁር ሠራተኞች አሉ፣ አብዛኛው ደግሞ ዝርፊያ ነው። ለድርጅቱ በባለሙያነት የቀረቡት ምስክር የራሱ የአፍሪፎረም ባለሥልጣን ነበሩ፤ ዳኛ ኤድዊን ሞላህሌሂም ገለልተኛ አይደሉም ብለው ባለሙያነታቸውን አልተቀበሉም። በኦገስት 25 ቀን 2022 ክሱን ዘጉት። ዘፈኑና ጥቃቱ መያያዛቸው አልታየም፣ ዘፈኑም በቃል በቃል ትርጉሙ ሊወሰድ አይገባም አሉ።

ችሎቱ ላይ ከተነሡት ነገሮች የማልረሳው ማሌማ «የነጮች ጭፍጨፋ እንዲፈጸም መቼም ጥሪ አላደርግም ብለው ቃል ይገባሉ?» ተብለው ሲጠየቁ አልገባም ማለታቸው ነው፤ የወደፊቱን ማንም አያውቅም ብለው። በ2016ም «ነጮች ይጨፍጨፉ እያልን አይደለም፣ ቢያንስ ለአሁኑ» ብለው ነበር። «ቢያንስ ለአሁኑ» የምትለዋ ሐረግ ከዘፈኑ ይልቅ ታስፈራኛለች። ዘፈኑ ዜማ አለው፣ ታሪክ አለው፣ ከበሮ አለው፤ ይህቺ ግን እርቃኗን የቆመች ናት።

በብሉምፎንቴይን የሚገኘው ይግባኝ ሰሚ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሜይ 2024 የሞላህሌሂን ብይን አጸና። መለኪያ ያደረገው በቂ ግንዛቤ ያለውን ምክንያታዊ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው ማሌማ ሲያዜሙ ቢያይ «ገበሬ እንዲተኮስ አዘዙ» አይልም፣ በትግል ዘፈን ተጠቅመው የመሬትና የሀብት ጥያቄ እያነሡ መሆኑን ይረዳል አለ። በእርግጥም ጥያቄው አለ፦ በ2017 የመንግሥት የመሬት ቆጠራ መሠረት በግለሰቦች ስም ከተያዘው የእርሻ መሬት 72 በመቶው በነጮች እጅ ነው፤ ነጮች ከሕዝቡ 10 በመቶ አይሞሉም። በማርች 27 ቀን 2025 የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ይግባኙ የማሸነፍ ተስፋ የለውም ብሎ መዝገቡን ዘጋ።

በሕጉ ረገድ ይግባኝ ሰሚው ትክክል ይመስለኛል። ቅር የሚለኝ «በቂ ግንዛቤ ያለው ሰው» ላይ ነው። የሰከነው ሰው ዘፈኑን ሰምቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ነገር የሚበላሸው ግንዛቤ በጎደለው ሰው እጅ ነው። ፍርድ ቤት ግን ለእብድ ብሎ የሰከነውን ሁሉ አፍ ሊዘጋ አይችልም፤ ከዘጋ ደግሞ ነገ «እብድ ሊሰማው ይችላል» እየተባለ የማይዘጋ አፍ አይኖርም።

ይህን የምለው ከሩቅ ሆኖ ማውራት ስለሚቀል ብቻ አይደለም። እኛም እዚያ አገር ሰው አለን፤ ከጆሃንስበርግ ጂፒ ጎዳና እስከ ደርባን ታውንሺፕ ሱቅ የከፈተ። በማርች 2015 የዙሉው ንጉሥ ጉድዊል ዝዌሊቲኒ ፖንጎላ ላይ በተደረገ ስብሰባ የውጭ አገር ሰዎች ጓዛቸውን ጠቅልለው ይሂዱ የሚል ንግግር አደረጉ፤ በኋላ በትርጉም ተዛብቶብኝ ነው ብለዋል። ሳምንታት ሳይቆጠሩ ደርባንና አካባቢዋ በውጭ ዜጎች ላይ ተነሡ፣ ቢያንስ 7 ሰው ሞተ። ኡምላዚ ውስጥ ሁለት ኢትዮጵያውያን ወንድማማቾች ሱቃቸው ውስጥ ሳሉ እሳት ተለቀቀባቸው፤ አንዱ አልተረፈም። የሰብአዊ መብት ኮሚሽኑ አጣርቶ በ2016 የንጉሡ ንግግር የሚያሳዝንና የሚጎዳ ነው፣ የጥላቻ ንግግር ግን አይደለም አለ።

ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። አንዱ ውስጥ «ተኩስ» የሚል ቃል አለ፣ ከሱ የተነሣ ሬሳ ግን በፍርድ ቤት አልተገኘም። ሌላው ውስጥ «ግደል» የሚል ቃል የለም፤ የተናገሩት ግን ሕዝባቸው ቃላቸውን እንደ ትእዛዝ የሚሰማቸው ሰው ናቸው፣ ስሙ የተጠራው ደግሞ ድምፅ የማይሰጥ፣ ፍርድ ቤት የማይደርስ፣ የቆርቆሮ ሱቅ ውስጥ የሚያድር ስደተኛ ነው። አፍሪካነሩ ጠበቃ አለው፣ ድርጅት አለው፣ ጉዳዩን ዋይት ሐውስ የሚያደርስለት ወዳጅ አለው። የቃሉን ክብደት ከቃሉ ብቻ የሚለካ ሕግ በዚህ ላይ ይስታል። ማን ተናገረ፣ በማን ላይ፣ ተሰሚነቱ ምን ያህል ነው፣ የተባለበትስ ሰው ምን መከላከያ አለው ብሎ የማይጠይቅ ሚዛን የሚይዘው ቀረርቶውን ነው።

ዋይት ሐውስ ያልኩት ለማጋነን አይደለም። በሜይ 21 ቀን 2025 ዶናልድ ትራምፕ ፕሬዚዳንት ሲሪል ራማፎሳን ጋብዘው፣ መብራቱን አደብዝዘው፣ ማሌማ ሲያዜሙ የሚያሳይ ቪዲዮ በካሜራ ፊት ከፈቱባቸው። ለምን አይታሰርም የሚለው ጥያቄ ተከትሎ መጣ። ራማፎሳ አገራቸው ሲመለሱ የሰጡት መልስ ይህ የነፃነት ትግል ዜማ ነው፣ ፍርድ ቤት ወስኖበታል የሚል ነበር። ማሌማ ደግሞ በቀናት ውስጥ ፍሪ ስቴት ላይ በምርጫ ቅስቀሳ መድረክ ወጥተው እንደገና አዜሙት። በ2010 በዩኒቨርሲቲ ግቢ ይዘፈን የነበረ ነገር በ2023 ከ90,000 ሰው በላይ በሚይዘው የሶከር ሲቲ ስታዲየም፣ በ2025 ደግሞ በዓለም ቴሌቪዥን ሁሉ ተሰማ። ያለ ክሱ እዚህ ይደርስ ነበር? አይመስለኝም።

ታሪኩ ግን «ዘፈኑ አሸነፈ» ብሎ አያበቃም። በኦገስት 2025 በዌስተርን ኬፕ የሚገኘው የእኩልነት ፍርድ ቤት ማሌማን በሌላ ንግግር ጥፋተኛ አላቸው። ጉዳዩ በ2022 በፓርቲያቸው ጉባኤ ላይ የተናገሩት ነው፤ ከዚያ በፊት ብራከንፌል በሚባል ትምህርት ቤት ደጃፍ በተነሣ ግጭት አባላቸውን የመታውን ነጭ ሰው እየጠቀሱ ተከታዮቻቸውን ለመግደል በፍጹም አትፍሩ፣ አብዮት በሆነ ቦታ ላይ መግደልን ይጠይቃል ብለው ነበር። ይህን ክስ ያቀረበው ዋነኛው አካል የሰብአዊ መብት ኮሚሽኑ ነው። ኢኤፍኤፍ ይግባኝ እንደሚል አስታውቋል።

ያን ቀን ከበሮ አልተመታም፣ ዜማም አልነበረም። የሚፎክረው ሰው ዱላውን አስቀምጦ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እገሌ የሚባል ሰው እየጠቆመ በተራ ቋንቋ ነበር የተናገረው።